አንድ ሰው ሊቨርፑል ሊሄድ ነው

በዚህ ዓለም ላይ እንደ አበሻ መንገደኛ ምስጢር የሚጠብቅ ፍጡር የለም። ሌላው ሕዝብ ጉዞ ሲያስብ ለወዳጅ ዘመዱ ያወራል፣ ምክር ይጠይቃል፣ ካርታ እየዘረጋ ሰው ያሰለቻል። የእኛ ሰው ግን ከአገር መውጣቱን ለእናቱ የሚነግራት ከሄደበት አገር ስልክ ደውሎ ነው። ዓይን ይበላኛል፣ አፍ ያስቀረኛል፣ ምቀኛ ያሰናክለኛል ብሎ ስለሚፈራ ሻንጣውን እንኳ የሚያዘጋጀው ለገዛ መስተዋቱ ጀርባውን ሰጥቶ ነው። አንባቢ ከጎረቤቶቹ መካከል እንዲህ ያለ ሰው አያጣም፤ ካጣ ደግሞ ያ ሰው ራሱ አንባቢው ሳይሆን አይቀርም።

የዚህ ወገን ሊቀ ሊቃውንት የወሎ ሰፈሩ አቶ ረታ ነበር። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ያላገባ፣ ወይም ቢያገባም ያልተናገረ ሰው። «ከየት ነው?» ሲሉት «ከዚያ»፣ «ወዴት ነው?» ሲሉት «ወዲህ» ይላል። ሥጋ ሲገዛ በጋዜጣ ያስጠቀልላል፣ ጋዜጣውን ዘንቢል ውስጥ ይከታል፣ ከላዩ ጎመን ያለብሰዋል፤ ጎመኑን እንዳያዩበት ደግሞ ዘንቢሉን በኮቱ ይሸፍናል። አንድ ጊዜ መንጋጋውን አስነቅሎ ያበጠ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ሲመላለስ፣ ሰፈርተኛው ከባድ ሐሳብ ይዞታል ብሎ ሳምንት ሙሉ በአክብሮት መንገድ ሲለቅለት ሰነበተ።

ይህን ጉደኛ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ወይዘሮ የሺአረግ ናት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ያጠበችውም፣ ያበላችውም፣ ትምህርት ቤት የወሰደችውም እሷ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ እሷ ከፊት ለፊቱ ቤት፣ እሱ ከኋላው ክፍል። ሃያ ዓመት በአንድ ገበታ ቀርበው ደመወዙ ስንት እንደሆነ አታውቅም፤ ጠይቃውም አታውቅም። መጠየቅ ትችል ነበር፤ ግን ሲጨነቅ ማየት አትወድም።

እንግዲህ ኢሕዲሪ በታወጀ በዓመቱ፣ ሐምሌ ላይ፣ ረታ የሚሠራበት የመርከብ ጭነት መሥሪያ ቤት ለአጭር ሥልጠና ወደ ለንደን እንዲሄድ መረጠው። ሥልጠናው አልቆ የመመለሻው አውሮፕላን እስኪነሣ ሦስት ባዶ ቀን ይተርፈዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ሦስቱንም ቀን ጫማ ሲለካ ያሳልፋቸው ነበር። ረታ ግን ገና በጎረምሳነቱ ከአራት የሊቨርፑል ልጆች ሙዚቃ ጋር ፍቅር ይዞት፣ ጸጉሩን እንደ እነሱ ግንባሩ ላይ ደፍቶ፣ በትምህርት ቤት ባንድ ባስ ጊታር ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። ጸጉሩን የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር በመቀስ አነሣው፣ ባንዱን አብዮቱ በተነው፣ ፍቅሩ ግን ቀረ። ሸክላዎቹን በአንሶላ ጠቅልሎ ከሣጥን ሥር ይደብቃቸዋል፤ ሲያወጣቸውም በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። በግድግዳው በኩል ዘመኗን ሙሉ የሰማቻቸው የሺአረግ እንግሊዝኛ የሚባል ሳታውቅ ዜማዎቹን አንድ በአንድ ታንጎራጉራቸዋለች። እና ሦስቱን ቀን ሊቨርፑል ሄዶ ልጆቹ ያደጉበትን ከተማ፣ ወደቡን፣ መጀመሪያ የተጫወቱበትን ምድር ቤት ሊያይ ቆረጠ።

ይህን ሁሉ እኛ ለአንባቢ ነገርን እንጂ ረታ ለማንም አልነገረም።

ችግሩ ጉዞ ማሰናዳት ያለ ጥያቄ አይሆንም። ረታ ለዚህም ዘዴ አበጀ፤ ለአንድ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ፣ እሱንም በሌላ ሰው ስም። መጀመሪያ የተያዘው ፊት ለፊት የሚኖረውና ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭነው ካሳዬ ነው።

«ካሳዬ፣ አንድ ሰው በነሐሴ ወደ እንግሊዝ አገር ቢሄድ ካፖርት ያስፈልገዋል?»

«ማነው የሚሄደው ጋሽ ረታ?»

«የለም፣ ለአንድ ሰው ነው።»

«ከዚያ የሚመጣ ሻንጣ ሁሉ እርጥብ ነው። ይያዝ በሉት።»

ቀጥሎ ወደ ባለሱቋ ወደ ወይዘሮ ሰኪና ሄደ። የሰኪና ባል ከወሎ ወደ አዲስ አበባ ከመምጣታቸው በፊት አሰብ ወደብ ሲሠራ እሷም አብራው ኖራለች። ረታ መቼም በዕድሜው ባሕር አይቶ አያውቅም፤ ወደብ ሁሉ ወደብ ነው ብሎ ጠየቃት። «አንድ ሰው ለጥቂት ቀን ወደብ ያለበት ከተማ ቢሰነብት ምን ልብስ ይሻለዋል?»

«ወደብ?» አለች ሰኪና እጇን ግንባሯ ላይ ጭና። «ወላሂ ያ ሰውዬ ያሳዝነኛል። ሙቀቱ አይቻልም። ልብስ የሚባል ገላ ላይ አያስቀምጥም፤ ሽርጥ ይያዝ። ቀን ቀን ጥላ ሥር ይተኛ፣ ሥራውን ማታ ይሥራ።»

ረታ ሁለቱንም አመነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሊቨርፑል ጓዙ ከባድ ካፖርትና ስስ ሽርጥ ሆነ።

ከተማውን ደግሞ በእግሩ ሊለማመደው ፈለገ። እንግሊዞቹ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያየውን የሊቨርፑል ካርታ በአእምሮው ይዞ መጣና ወሎ ሰፈር ላይ አነጠፈው። የባቡር ጣቢያው የሰኪና ሱቅ ላይ ዋለ። ወደቡ ቦሌ ድልድይ ሥር ገባ። አራቱ ልጆች የተጫወቱበት ምድር ቤት ከመንገዱ ማዶ ያለው ጋራዥ ሆነ፤ መካኒኩ መኪና ሥር የሚገባበት ጉድጓድ ስላለው ለዚህ ማዕረግ የተሻለ ቦታ አልተገኘም። ረታ ከሥራ ሲመለስ በየቀኑ ከሰኪና ሱቅ ይነሣል፣ ጋራዡ ጋ ይደርሳል፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ትንሽ ይቆማል፣ ከዚያ ድልድዩ ላይ ሄዶ ወንዙን ያያል። መካኒኩ ኢሳ «መኪና አልዎት እንዴ ጋሽ ረታ?» ብሎ ቢጠይቀው «ለአንድ ሰው ነው» አለው። ኢሳ ከዚያ በኋላ፣ ያ ሰው መጥቶ ያየዋል ብሎ፣ ጉድጓዱን ሳያጥብ አላደረም።

ምስጢሩ የወጣው በሸማቾች ሱቅ ሰልፍ ላይ ነው። ስኳር መጥቷል ተብሎ ሰፈሩ በሙሉ ተሰልፎ ነበር። በዚያ ዘመን አብዮት ጥበቃ የማያውቀውን ሰልፍ ያውቀዋል። ካሳዬ የካፖርቱን ነገር አነሣ። ሰኪና የወደቡን አመጣች። ኢሳ «እኔ ጋ ደግሞ ጉድጓድ እያየ ይተክዛል» አለ። እያንዳንዱ የያዘውን ብጣሽ አዋጣና ሰልፉ እየሰፋ ሄደ።

«የእንግሊዝ ወደብ ሊቨርፑል ነው» አለ ካሳዬ። «ገባኝ! ኳስ ሊያይ ነው።»

«ኳስ አይደለም» አለ ከኋላ አንድ የሴት ድምፅ። «ዘፈን ነው።»

ሁሉም ዞሩ። የሺአረግ ናት። የስኳር ከረጢቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ታውቃለች ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ታውቅ ነበር። ጆሮዋ ከግድግዳው አልራቀም፣ ዓይኗም ከእሱ አልራቀም። ሰሞኑን ከሸክላዎቹ ጋር አብሮ ሲዘፍን ሰምታዋለች፤ ረታ የሚዘፍነው አንድ ነገር ሊያደርግ ሲቆርጥ ብቻ ነው። ያናደዳት መሄዱ አይደለም። ያሳደገችው ልጅ ባለሱቋን የጠየቀውን ያህል እንኳ እሷን አለመጠየቁ ነው። ከዚያም በላይ አንድ ሌላ ነገር አሳስቧታል፤ ረታ አንድ ኩንታል ጤፍ አስገብቷል፣ ከሰል አስከምሯል፣ የግቢውን በር ቁልፍ ቀይሯል፣ የሚያፈሰውን ጣሪያዋን አስደፍኗል።

ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ጣሪያ ያስደፍናል? በዚያ ዘመን አጭር ጉብኝት የሚባል ነገር በወሎ ሰፈር ታሪክ አልተመዘገበም። ለስብሰባ የሄደ በዚያው ቀርቷል፣ ለሥልጠና የሄደ በዚያው ሠልጥኗል፣ ለሕክምና የሄደችው ድና አግብታ ወልዳለች። የሄደ ሄዷል ነበር ነገሩ። የሺአረግ ይህን ስታስብ እጇ ላይ ያለው ሥራ ይቆማል።

ሰፈሩ ግን ነገሩን በደስታ ተቀበለው። ረታ አይታወቅብኝ ካለ አይታወቅበት ብሎ ሁሉም በየፊናው ያ ሰውዬን መርዳት ያዘ። ሰኪና የባሏን ሽርጥ አጥባ «ለዚያ ሰውዬ» ብላ ሰጠችው። ካሳዬ ስንት ሻንጣ ሲፈነዳ ያየ በመሆኑ ጠንካራ ገመድ አመጣለት፤ «ለዚያ ሰውዬ፣ ሁለት ዙር ይሰረው በሉት።» የሴቶች ማኅበር በርበሬ ላከ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ክቡር አቶ አንድ ሰው ከቀበሌው ታዋቂ ነዋሪዎች አንዱ ሆኖ አረፈው። ሰው ረታን መንገድ ላይ ሲያገኘው «ያ ሰውዬ እንዴት ነው? ዝግጅቱ ተሳካለት?» ይለዋል። ረታም «ደህና ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሏል» ይላል። አንዳቸውም አይስቁም። ይህ ሁሉ ሲሆን ረታ ማንም አልነቃብኝም ብሎ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር።

የጨዋታው ሁሉ ቁንጮ ግን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሆነው ነው። መውጫ ቪዛ ያለ ቀበሌ ደብዳቤ አይታሰብም። የሺአረግ በዚያን ቀን ከማኅበሩ ሴቶች ጋር በሚቀጥለው ክፍል ጥጥ ትፈትላለች። በመካከል ያለው የኮምፖንሳቶ ግድግዳ እንኳን ድምፅ ትንፋሽም አይከለክልም። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረሃንስ በስብሰባ ላይ አንበሳ፣ ከስብሰባ ውጭ የሰው ልጅ ነበር።

«ለምን ጉዳይ ነው ጓድ ረታ?»

«የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጌ ነበር። ለአንድ ሰው ነው።»

«የምን ድጋፍ?»

«የቀበሌው ነዋሪ መሆኑን፣ በስብሰባ መሳተፉን፣ ክስ የሌለበት መሆኑን የሚገልጽ። ለሥራ ወደ ውጭ ሊሄድ ነው።»

«ጥሩ። ስሙ ማነው?»

ሴቶቹ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ስሙ… የግድ ነው እንዴ?»

«ጓድ ረታ፣ ቀበሌው 'ለአንድ ሰው' ብሎ ማኅተም አይመታም።»

ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ከዚያ የረታ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ «እንግዲያውስ ለጊዜው የእኔን ስም ይጻፉበት።»

ሴቶቹ አንዷ በሌላዋ ላይ ወደቁ። የሺአረግ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ እስኪያማት ሳቀች። ከኮምፖንሳቶው ማዶ ጓድ ገብረሃንስ ማኅተሙን ሲመታ ከተለመደው በላይ ሲስል ተሰማ፤ ከዚያም በሙሉ አብዮታዊ ቁም ነገር «ለዚያ ሰው መልካም ጉዞ ይበሉልኝ» አለ። የሺአረግ ሳቋ ሲያልቅ ማልቀስ ጀመረች። ማኅተሙ ከተመታ መሄዱ አይቀርምና ሴቶቹም ሳቃቸውን ትተው እንዝርታቸውን አነሡ።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ረታ ከሥራ ሲመለስ የሺአረግ ዳቦ ቆሎ ስትቆላ አገኛት። ሰፌዱ ሞልቶ ተርፏል።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለአንድ ሰው ነው።»

ረታ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ጫማውን አየ።

«ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው አለ ይባላል» አለች እጇን ከሥራው ሳታነሣ። «ስንቅ ያስፈልገዋል። ታደርስልኛለህ?»

«አደርስልሻለሁ።»

«ለመሆኑ እህት የለችውም?»

«አለችው መሰለኝ።»

«ነግሯታል?»

«አልነገራትም። ክፉ ሆኖ አይደለም እትዬ። የወደደውን ነገር አፉን ከፍቶ ሲናገረው የሚያመልጠው ይመስለዋል። አፈጣጠሩ ነው።»

«እሱስ ይሁን። ይመለሳል?»

ረታ ከሰፌዱ አንድ ፍሬ ቆሎ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። አባታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ወደ አሰብ ሲነሣ ግቢው በር ላይ ቆሞ «ለፋሲካ እመጣለሁ!» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አውጆ ሄደ፤ ከመንገዱ ሥር ያለው ገደል ግን ፋሲካን አልጠበቀለትም። ያን ጊዜ ረታ ትንሽ ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቃላት ሁሉ «እመለሳለሁ» የሚለውን የሚፈራውን ያህል ምንም አይፈራም። የሺአረግ ይህን ታውቃለች። ታውቃለች፣ ግን ፊቱን አይታ የፍርሃት ይሁን የስንብት መለየት አቃታት።

«ስለ እሱ እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ።

በዚያው ይቀራል ብላ ደመደመች። ዳቦ ቆሎውን ግን አላቆመችም።

በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ በየቤቱ ዞረች። ሰኪና ጋ ገባች፣ ካሳዬ ጋ ገባች፣ ኢሳ ጋ ገባች፣ ጓድ ገብረሃንስንም ከቢሮው አስጠራችው። ለሁሉም ያለችው አንድ ነው። «ሻንጣውን ሲያስር በግድግዳው ሰምቼዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ይወጣል። ዓይን ይፈራል፣ ታውቁታላችሁ። ሰው ሳያየው ልቡ ረግቶ ይሂድልኝ። ማንም ደጅ እንዳይወጣ፣ ስለ እኔ።» ሰኪና «ሳንስመው?» አለች። «ሳንስመው» አለች የሺአረግ። ነጠላዋን ደግማ አጣፍታ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ለወጉ አባርቶ ፀሐይ ወጣ። ክቡር አቶ ረታ ከኋላው ክፍል ብቅ አለ። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ከላዩ ካፖርት ደርቧል፣ ከረባት አስሯል። ሻንጣውን በማዳበሪያ ጆንያ ከቶ ትከሻው ላይ ተሸክሞታል።

«ወፍጮ ቤት ደርሼ ልምጣ» አለ።

«ደርሰህ ና» አለች የሺአረግ። ሳመችው፤ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ሰው በማይሳምበት አሳሳም ሳመችው። እሱም አልተነቃነቀም፣ ከትከሻዋ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወጣና፣ የአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ እንዳይታወቅበት፣ ፊቱን ወደ ሃያ ሁለት ሰፈር አዙሮ መራመድ ጀመረ። እዚያ ደርሶ በታክሲ ወደ ኋላ ሊመለስ ነው።

የሺአረግ በግቢው በር ቀዳዳ አየችው። መጀመሪያ ባዶውን መንገድ ሲያይ ፊቱ በራ፤ ዕድሉን ማመን አቃተው። ጥቂት ሄደና እርምጃው ቀነሰ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ወሎ ሰፈር ላይ፣ አንድም ሰው የለም? ቀና ብሎ አየ። የሰኪና ሱቅ መዝጊያ ገርበብ ብሏል፤ ከሥሩ የአራት ሴቶች እግር ይታያል። የካሳዬ መጋረጃ ነፋስ ሳይኖር ይንቀጠቀጣል። ኢሳ በጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ አናቱ ብቻ ከመሬት በላይ ቀርቷል። ከቡልቡላ ወተት የሚያመጣው ጉዲና ማን እንዳስጠነቀቀው እግዜር ይወቅ፣ መንገድ ላይ ስለተያዘ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሟል፤ የአህያዋንም ዓይን በመዳፉ ሸፍኗል።

ረታ ጆንያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሰፈሩን ዙሪያውን ቃኘ፣ ዝግ በሮቹን አንድ በአንድ አየ። ሁሉም ያውቃል። ስንት ዘመን የፈራው ዓይን ይኸው፤ ይኸ ሁሉ ዓይን ከመጀመሪያው ሲያየው ኖሯል፣ አንዱም አልበላውም፤ ለእሱ ሲል ተጨፍኖ ቆሟል። ወደ ግቢው በር ዞረ። የሺአረግ ከቀዳዳው ሆና አየር ሲስብ አየችው።

«እትዬ!» ብሎ ጮኸ። ረታ ጮኾ አያውቅም፤ ድምፁ ተሰነጠቀበት። «ለንደን ለሥራ ነው የምሄደው! ከዚያ ሊቨርፑል ሦስት ቀን! ለእንቁጣጣሽ እመለሳለሁ! ሰማሽ? ለእንቁጣጣሽ እመለሳለሁ!»

ከዚያ ከሱቁ መዝጊያ ሥር «አሚን!» አለች ሰኪና፤ ራሷን መግታት አልቻለችም። ከመጋረጃው ጀርባ «አሜን!» አለ ካሳዬ። ከጉድጓዱ፣ ከአጥሩ፣ ከየመስኮቱ፣ ከየቆርቆሮው በር፣ መንገዱ በግራና በቀኝ «አሜን! አሜን!» ብሎ ተቀበለው። መጨረሻ ላይ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት መስኮት አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ ዓመታት ሙሉ በየውይይቱ እግዚአብሔር የለም ሲል የኖረው ጓድ ገብረሃንስ ከሁሉም ድምፅ በላይ «አሜን!» አለ።

የሺአረግ በሩን ብርግድ አድርጋ ከፍታ ወጣች። እጇን አነሣችለት። ረታ ጆንያውን ተሸክሞ፣ በዚህ ጊዜ ፊቱን በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አዙሮ፣ መንገዱን መሃል ለመሃል ይዞ ሄደ።